«ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ተከሰከሰ»፦ ትንሽ አውሮፕላን ሲያርፍ ምን ይፈጠራል?

ትንሽ የግል አውሮፕላን ለማረፍ ሲል ወድቆ ሰው ሲሞት ዜናው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሐረግ ይዘጋል። «ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ተከሰከሰ» ይባላል። የቀረውን አንባቢ ራሱ ይሞላዋል። አንዱ ሞተሩ ጠፍቶበት ነው ይላል። ሌላው ነፋስ ነው የገለበጠው ይላል። «ድሮስ እንደዚህ በምታክል ነገር ማን ይበራል?» የሚልም አይጠፋም።

ሐረጉ ምክንያት ይመስላል እንጂ ምክንያት አይደለም። «መኪናው ተገለበጠ» እንደማለት ነው። የሆነውን ይነግረናል፤ ለምን እንደሆነ አይነግረንም። ከእነዚህ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ሲወድቁ ሞተራቸው እየሠራ ነው። ክንፋቸውም ጅራታቸውም ሙሉ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አብራሪው ማረፊያውን በዓይኑ እያየው ነው። ታዲያ ምን ሆነ?

ነገሩን ለማየት አሜሪካ ጥሩ ቦታ ናት። እዚያ ከ200 ሺህ በላይ ከአየር መንገድ ውጭ ያሉ አውሮፕላኖች አሉ፤ አብዛኞቹ ትናንሽ ናቸው። የእያንዳንዱ አደጋ ምርመራም ለሕዝብ ክፍት ነው። በዚህ ዘርፍ በየዓመቱ ከ1,000 በላይ አደጋ ይመዘገባል። ማንኛውንም የበረራ ክፍል ብትወስዱ በአደጋ ብዛት ማረፍን የሚያህል የለም። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ (በምህጻሩ ኤንቲኤስቢ) በ2015 «በአስቸኳይ መስተካከል አለባቸው» ብሎ ካወጣቸው ጉዳዮች አንዱ በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ የሚደርሰው ቁጥጥር ማጣት ነበር። (የኢትዮጵያ ዘመን ነው ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሁለት አደጋ በአንድ ስም

መርማሪዎች ቁጥጥር ማጣትን ለሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው መሬት ላይ የሚደርሰው ነው፣ ሁለተኛው አየር ላይ። ይህ ልዩነት በዜና ውስጥ ይጠፋል። ሕዝቡ ግራ የሚጋባውም በዋናነት እዚህ ላይ ነው።

መሬት ላይ የሚደርሰው በቁጥር ይበዛል። አውሮፕላኑ ነጥሮ ይመለሳል፣ ወይም ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ሣር ውስጥ ይገባል። ጎማው ይሰበራል፣ ፕሮፔለሩ ይጣመማል። ሰዎቹ ግን በአብዛኛው በራቸውን ከፍተው ይወጣሉ። ደንግጠው፣ አንዳንዴም ተፈነካክተው፣ ግን በእግራቸው። ትልቁ ጉዳት የባለቤቱ ኪስ ላይ ነው። ፕሮፔለሩ መሬት ከመታ ሞተሩ ተፈቶ መመርመር አለበትና ሒሳቡ ቀላል አይደለም።

አየር ላይ የሚደርሰው ቁጥሩ ያንሳል፤ ሰው የሚገድለው ግን እሱ ነው። አውሮፕላኑ ገና 100 ወይም 200 ሜትር ከፍታ ላይ ሳለ ክንፉ መሸከም ያቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው።

ስቶል የሞተር ነገር አይደለም

በእንግሊዝኛ «ስቶል» የሚለው ቃል መኪና መንገድ ላይ ሞተሩ ሲጠፋም ያገለግላል። ስለዚህ በችኮላ ሲተረጎም «ሞተሩ ቆመ» ሆኖ ይወጣል። በበረራ ቋንቋ ግን ስቶል የሚያደርገው ክንፍ ነው። ሞተሩ እያጓራ ክንፉ ስቶል ሊያደርግ ይችላል።

ከሚሄድ መኪና መስኮት መዳፋችሁን ዘርግታችሁ እንዳወጣችሁ አስቡ። (አስቡ ብቻ፤ አታድርጉት።) መዳፋችሁን ከፊት በኩል ትንሽ ቀና ስታደርጉት ንፋሱ እጃችሁን ወደ ላይ ያነሳዋል። ይበልጥ ቀና ስታደርጉት ይበልጥ ያነሳዋል። ከሆነ ደረጃ በኋላ ግን ማንሳቱን ትቶ ወደ ኋላ ብቻ ይገፋችኋል። ክንፍም እንደዚሁ ነው። ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን «አንግል ኦፍ አታክ» ይባላል። ይህ ማዕዘን በተለመደ ክንፍ 15 ዲግሪ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ሲደርስ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቃል። ክንፉ ክብደቱን መሸከም ያቅተዋል። ስቶል ማለት ይኸው ነው።

ቃሉ ለኢትዮጵያውያን ጆሮ አዲስ አይደለም። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ካለቁበት የቦይንግ 737 ማክስ አደጋ ወዲህ ብዙ ተብሎበታል። የዚያን ጊዜው ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ክንፉ ደህና ሆኖ ሳለ የተሳሳተ ሴንሰር ማዕዘኑ ከልክ አልፏል ብሎ ለኮምፒዩተሩ ነገረው። ኮምፒዩተሩም አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። በተለመደ የግል አውሮፕላን ላይ እንዲህ ዓይነት ጣልቃ ገብ ኮምፒዩተር የለም። ያለው ጡሩምባ ነው።

ጡሩምባ ስል የምሬን ነው። በዓለም ላይ በብዛት የተመረተውን ትንሽ አውሮፕላን ሴስና 172ን ውሰዱ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ44 ሺህ በላይ ተሠርቷል። የግራ ክንፉ ፊት ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ማዕዘኑ ሲበዛ አየር ከቀዳዳዋ ይመጠጥና ከአብራሪው ራስ በላይ እንደ አርሞኒካ ያለ ድምፅ ይወጣል። ከበረራ በፊት ይህን ለመፈተሽ የአምራቹ መመሪያ የሚለው ምን መሰላችሁ? ንጹሕ መሐረብ ቀዳዳው ላይ አድርጋችሁ በአፋችሁ ሳቡ። ከጮኸ ይሠራል። የብዙ ሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት መሣሪያ ይህን ያህል ቀላል ነው።

የመጨረሻዋ መታጠፊያ

ለማረፍ የሚመጣ ትንሽ አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አይገባም። ከመሬት 300 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ከማኮብኮቢያው ጎን ለጎን፣ ወደ ማረፊያው አቅጣጫ ጀርባውን ሰጥቶ ይበራል። ከዚያ አንድ ጊዜ ይታጠፋል። እየወረደ ሌላ ጊዜ ይታጠፍና ከማኮብኮቢያው ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ይቺ ሁለተኛዋ መታጠፊያ ክፉ ስም አላት።

አንድ የተለመደ አጋጣሚ እንከተል። ነፋሱ ከጎን ነው፤ አውሮፕላኑን ወደ ማኮብኮቢያው ይገፋዋል። አብራሪው ሳያስተውለው ከመሬቱ አንጻር ሲታይ ፍጥነቱ ጨምሯል። መታጠፍ ከነበረበት በሁለት ሰከንድ ይዘገያል። ቀና ሲል ማኮብኮቢያው በአፍንጫው ፊት እያለፈ ነው። አሁን አጥብቆ መታጠፍ አለበት። ክንፉን ያዘነብላል። መሬቱ ቅርብ ስለሆነ ከዚህ በላይ ማዘንበል ያስፈራዋል። እጁ ፈራ፣ እግሩ ግን አልፈራም፤ የውስጡን፣ ማለትም በሚታጠፍበት ወገን ያለውን ፔዳል ይረግጣል። ፔዳሉ ጅራት ላይ ያለውን ራደር (ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞር ሰሌዳ) ያዞረዋል፤ አፍንጫው ወደ ማኮብኮቢያው ይሄድለታል። በዚያው ልክ የውጭው ክንፍ ይፈጥናል፣ የውስጡ ይዘገያል፣ አውሮፕላኑም ይበልጥ ያዘነብላል። አፍንጫው ወደ ታች ያጎነብሳል። አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ ይስባል።

በዚህ ቅጽበት ሁለቱ ክንፎች እኩል አይደሉም። አንዱ ከሌላው ቀድሞ ስቶል ያደርጋል። አውሮፕላኑ ወደዚያ ወገን ይገለበጥና እየተሽከረከረ ይወርዳል። ይህ መሽከርከር «ስፒን» ይባላል። ሴስና 172 ከአንድ ዙር ስፒን ወጥቶ ቀጥ እስኪል 300 ሜትር ገደማ ይጨርሳል። መታጠፊያዋ ላይ ያለው ከፍታ ከዚያ በታች ነው።

ሒሳቡም ያስገርማል። ሴስና 172 ኤስ የተባለው ሞዴል ቀጥ ብሎ ሲበር፣ ፍላፕ ሳያወጣ ስቶል የሚያደርገው በ48 ኖት ነው፤ በሰዓት 89 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። (ፍላፕ ከክንፉ ጀርባ ወደ ታች የሚወጣ ቅጥያ ነው። በዝግታ ለመብረር ይረዳል።) ክንፉን 30 ዲግሪ አዘንብሎ ከፍታውን ሳይለቅ ሲታጠፍ ይህ ቁጥር ወደ 52 ኖት ይጠጋል። 45 ዲግሪ ላይ 57 ይሆናል። 60 ዲግሪ ላይ 68 ይደርሳል። እንግዲህ ይህ አብራሪ በ65 ኖት እየመጣ ነው እንበል። ከ48 በጣም በላይ ነው፣ ደህና ነው ብሎ ያስባል። በ60 ዲግሪ አዘንብሎ ከሳበው ግን ምንም ፍጥነት ሳይቀንስ ስቶል አደረገ ማለት ነው። የፍጥነት መለኪያው ላይ ዓይኑን ተክሎ እንኳ ሊያመልጠው ይችላል።

እዚህ ላይ አሠልጣኞች አይስማሙም። ብዙዎቹ «ለማረፍ ስትታጠፉ ከ30 ዲግሪ በላይ አታዘንብሉ» ብለው ያስተምራሉ። ቁጥሩ ግልጽ ነው፣ ለጀማሪ ይገባዋል። ሌሎች ደግሞ ሕጉ ራሱ ወጥመድ ነው ይላሉ። ተማሪው ማዘንበልን እንደ ኃጢአት ስለተማረ ሲጠበው በፔዳል ያጭበረብራል፤ የሚገድለው ደግሞ ማዘንበሉ ሳይሆን ፔዳሉና መሳቡ ነው። መሪውን ካልሳበና አውሮፕላኑ እንዲወርድ ከፈቀደለት 45 ዲግሪም አይጎዳውም የሚሉ አሉ። በፊዚክስ ሁለተኛው ወገን ትክክል ነው። ግን በ200 ሜትር ከፍታ የደነገጠ ሰው መሪውን አይስብም ብሎ መወራረድ ይከብዳል። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ መታጠፊያዋን አልፈህ ከሄድክ አታስተካክላት፣ ተዋት፣ ዙርና እንደገና ና።

መሬት ከነኩ በኋላ

ጎማ መሬት ሲነካ ተሳፋሪ እፎይ ይላል። አብራሪ ግን ገና ነው። በተለይ ጎማው በትክክለኛው ፍጥነት ካልነካ።

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበት በአራት እጥፍ ይጨምራል። በ65 ኖት መግባት የነበረበት አውሮፕላን በ75 ቢገባ ጭማሪው ትንሽ ይመስላል፤ የተሸከመው ጉልበት ግን በአንድ ሦስተኛ ገደማ አደገ። ይህ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። አውሮፕላኑ ማረፍ እምቢ ብሎ ማኮብኮቢያው ላይ ይንሳፈፋል። ትዕግሥት ያለው አብራሪ ይጠብቀዋል ወይም ይተወዋል። የቸኮለው በግድ መሬት ያስነካዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ነው። የፊት ጎማው ይመታል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይነጥራል። አብራሪው ይገፋዋል፣ እንደገና ይመታል። በሦስተኛው ንጥረት አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ነገር ይሰበራል።

ሌላው ነፋስ ነው። የጎን ነፋስ አውሮፕላንን እንዲሁ አይገለብጥም። አብራሪው ክንፉን ወደ ነፋሱ ዘንበል አድርጎ፣ አፍንጫውን በፔዳል ከማኮብኮቢያው ጋር አስተካክሎ መያዝ አለበት። መሬት ከነካ በኋላም መሪውን ወደ ነፋሱ አዙሮ መቆየት አለበት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ጎማው ሲነካ «አለቀ» ብለው እጃቸውን ያላላሉ።

ሦስተኛ ጎማቸው ጅራት ሥር የሆነ አሮጌ አውሮፕላኖች ደግሞ የባሰ ጣጣ አለባቸው። ክብደታቸው ከዋና ጎማዎቹ ኋላ ስለሆነ ትንሽ ወደ ጎን ሲያዘነብሉ ጅራቱ አፍንጫውን ሊቀድም ይፈልጋል። የሱፐርማርኬት ጋሪ በግልባጭ ሲገፋ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ካልተያዘ ክብ ሠርቶ ይዞራል። እንግዲህ መሬት ላይ ቁጥጥር ማጣት የሚባለው በአብዛኛው ይህንና ይህን የመሰለ ነው።

ሂውስተን፣ ጁን 9 ቀን 2016

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ አደጋ እንሂድ። ቴክሳስ ውስጥ በሂውስተን ከተማ ሆቢ የሚባል አየር ማረፊያ አለ። የአየር መንገድ ጄቶች በብዛት የሚያርፉበት ነው። ያን ቀን እኩለ ቀን አልፎ አንድ ሲረስ ኤስአር20 የሚባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከኦክላሆማ መጣ። ሦስት ሰዎች ነበሩበት።

የመጀመሪያው ሙከራ የከሸፈው በአብራሪዋ ጥፋት አልነበረም። ከኋላዋ አንድ ቦይንግ 737 እየደረሰባት ስለነበር የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ማረፉን እንድትተወው ነገራት። ቀጥሎ ሌላ ማኮብኮቢያ ተሰጣት። ከፍ ብላ መጣች፣ አልሆነም። በሦስተኛው ሙከራም ከፍ ብላ መጣች። ይህንንም ትታ ለመውጣት ስትሞክር ፍጥነቷ ገና ሳያድግ ፍላፑን ሰበሰበች። አውሮፕላኑ ስቶል አደረገ፣ ተሽከረከረ፣ ባዶውን የቆመ መኪና ላይ ወደቀ። ሦስቱም ሞቱ።

ፍላፕ ለምን ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ? ወደ ሴስናው ቁጥር እንመለስ። ፍላፕ ሙሉ ሲወጣ ስቶል የሚያደርገው በ40 ኖት ነው። ሲሰበሰብ 48 ይሆናል። በ45 ኖት እየበረረ ያለ ሰው ፍላፑን በአንዴ ቢሰበስብ የቆመበትን ወለል ራሱ ከእግሩ ሥር ሳበው ማለት ነው። ለዚህ ነው ፍላፕ ደረጃ በደረጃ፣ ፍጥነት እያደገ ሲሄድ ይሰብሰብ የሚባለው።

ብዙ ሰው «ፓራሹት አልነበረውም ወይ?» ብሎ ጠይቋል። ነበረው። የሲረስ አውሮፕላኖች አውሮፕላኑን በሙሉ ይዞ የሚያወርድ ፓራሹት አላቸው፤ ብዙ ሰው አድኗል። ግን ለመከፈት ከፍታ ይፈልጋል። አምራቹ ራሱ ከስፒን ውስጥ ሲሳብ ከ900 ጫማ በላይ፣ ማለትም 280 ሜትር ገደማ እንደሚጨርስ ያስታውቃል። ለማረፍ የመጣ አውሮፕላን ያ ከፍታ የለውም።

የኤንቲኤስቢ ድምዳሜ ብዙ የሚያስተምረን ነው። ዋናው ምክንያት ፍጥነት ሳይረጋገጥ ፍላፕ መሰብሰቡ ነው አለ። ግን በዚያ አላቆመም። አንዱ ተቆጣጣሪ ዘገምተኛውን አውሮፕላን ከጄቶቹ ሰልፍ ውስጥ ማቆየቱን፣ ሌላው ደግሞ በአስጨናቂ ሰዓት ሳያስፈልግ የተወሳሰበ ትእዛዝ መስጠቱን አስተዋጽኦ ብሎ መዘገበ። አብራሪዋ «አልችልም፣ ጊዜ ስጡኝ» ብላ በቆራጥነት አለመናገሯንም ጨመረ። በዜናው «ከቁጥጥር ውጭ ሆነ» የተባለው ነገር ሲፈታ ብዙ ደቂቃዎችና ቢያንስ ሦስት ሰዎች ውስጡ ይገኛሉ።

ይህ አደጋ ከላይ የተባለውን ምክርም ያወሳስበዋል። «ካልሆነ ተውና ዙር» ጥሩ ምክር ነው። በሙያው «ጎ አራውንድ» ይባላል። በሂውስተን ግን አውሮፕላኑ የወደቀው ማረፉን ሲተው ነው። እኔ እስከማየው ድረስ ይህ ምክሩን ውድቅ አያደርገውም። የሚያሳየው ጎ አራውንድ ራሱ እንደ ማረፍ መለማመድ የሚፈልግ ነገር መሆኑን ነው። ሞተር በአንዴ ሙሉ ኃይል ሲሰጠው አፍንጫው ወደ ላይና ወደ ግራ ይሄዳል። በዚያው ሰዓት ሬዲዮው ያወራል። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚያደርገው ሰው ቢሳሳት አይደንቅም።

በከፍታ ላይ ያለው ተጨማሪ ጣጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሽርሽር የሚበር የግል አውሮፕላን ብርቅ ነው። ትናንሾቹ በአብዛኛው የሥልጠናና የቻርተር ናቸው። ግን ከዚህ ርእስ ጋር የሚያገናኘን አንድ ነገር አለ፤ ከፍታችን።

ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። መለኪያው 65 ኖት ሲል አውሮፕላኑ በእውነት የሚሄደው ከ12 በመቶ በላይ ፈጥኖ ነው፤ በሞቃት ከሰዓት ደግሞ ልዩነቱ ወደ 17 በመቶ ይደርሳል። ክንፉ የሚያውቀው መለኪያው የሚያሳየውን ነው። ዓይን የሚያየው ግን ከሥር የሚሮጠውን መሬት ነው። በዝቅተኛ ቦታ ተምሮ የመጣ አብራሪ «በጣም ፈጥኛለሁ» ብሎ አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ፍጥነት ቢቀንስ ሳያውቀው ወደ ስቶል እየተጠጋ ነው።

ማረፉን መተው ቢፈልግስ? ተርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ሩብ የሚጠጋ ኃይሉን ያጣል። ሙሉ ኃይል ሰጥቶም አውሮፕላኑ በዝግታ ነው የሚወጣው። ቦሌ ላይ ማኮብኮቢያው ከሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ስለሆነ ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ተራራ የከበበው አጭር ሜዳ ላይ ግን ውሳኔው በጣም ቀደም ብሎ መወሰን አለበት።

ሥልጠና፣ መሣሪያ ወይስ የአውሮፕላኑ ሥሪት?

መፍትሔው ላይ ያለው ክርክር አሮጌ ነው። ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ፍሬድ ዊክ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ችግሩ ሰው ላይ ሳይሆን ሥሪቱ ላይ ነው አለ። በ1937 የበረረችው ኤርኩፕ የእሱ ሥራ ናት። ፔዳል አልነበራትም፤ ራደሩ ከመሪው ጋር ተያይዟል። አፍንጫዋ ወደ ላይ የሚሄድበት መጠንም ተገድቧል። ስለዚህ ስፒን ውስጥ መግባት አትችልም ነበር፤ ይህም በመንግሥት ፈቃዷ ላይ ተጽፎላታል። ነገሩ የሠራ ይመስላል። ሆኖም በዝግታ ከተበረረች እንደ ድንጋይ ትወርዳለች፤ ሰዎች በዚያ መንገድ ተጎዱ። ለበረራ ፍቅር ያላቸውም «መኪና አስመሰላት» ብለው ናቋት። ሐሳቡ ዋናው መንገድ ሳይሆን ቀረ።

ሥልጠናን በተመለከተ ደግሞ 1949 ትልቅ ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ አሜሪካ ውስጥ የግል አብራሪ ፈቃድ የሚፈልግ ሁሉ ስፒን ውስጥ ገብቶ መውጣት ነበረበት። በዚያ ዓመት ግዴታው ቀረ። ምክንያቱ ልምምዱ ራሱ ሰው መግደሉ ነበር። በምትኩ ስቶልን ቀድሞ ማወቅ ላይ እንዲተኮር ተደረገ፤ ከዚያ በኋላም በስቶልና በስፒን የሚደርሰው አደጋ ቀነሰ። ዛሬ ስፒን ግዴታ የሚሆነው አሠልጣኝ ለሚሆን ሰው ነው። «ይመለስ» የሚሉ ድምፆች ግን አልጠፉም። ስፒንን አይቶት የማያውቅ ሰው ሲገጥመው ይደነዝዛል ይላሉ። ለከፍታ በረራ ይህ ያስኬዳል። ለመጨረሻዋ መታጠፊያ ግን ብዙ አይረዳም፤ እዚያ ስፒን ውስጥ የገባ ሰው መውጣት ቢያውቅም ከፍታው አይበቃውም።

ተመሳሳይ ክርክር በ2016ም ተነሳ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) በፈተና ላይ ዝግታ በረራ ሲደረግ ያ ጡሩምባ መጮህ የለበትም አለ። ቀድሞ ተማሪዎች እየጮኸ ይበሩ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ያለው ምክንያት ቀላል ነው፤ ማስጠንቀቂያን ችላ ማለት እያስተማርን ነው። ብዙ አንጋፋ አሠልጣኞች ተቃወሙ። ተማሪው አውሮፕላኑ በዚያ ጠርዝ ላይ ሲለሰልስና ሲንቀጠቀጥ በእጁ ካልተሰማው መቼ ሊማረው ነው አሉ። ሁለቱም አንድን ነገር ከሁለት ጫፍ ነው የያዙት።

ሦስተኛው ወገን መሣሪያ ይላል። ኤፍኤኤ በ2014 የአንግል ኦፍ አታክ መለኪያ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ እንዲገጠም አሠራሩን አቀለለ። የጦር አውሮፕላኖች በተለይም መርከብ ላይ የሚያርፉት ይህን መለኪያ ሲጠቀሙ ኖረዋል። ከፍጥነት መለኪያው የሚሻለው ማዘንበልንም ክብደትንም አብሮ ከግምት ስለሚያስገባ ነው። ችግሩ ዓይን ነው። ያ በመታጠፊያው ላይ የተጨነቀ አብራሪ ማኮብኮቢያውን እያየ ነው፤ አዲስ መለኪያ ማየቱ ያጠራጥራል። ከዚህ አልፎ ጋርሚን የተባለው ኩባንያ የሠራው ሥርዓት በ2020 ፈቃድ አገኘ። አብራሪው ራሱን ቢስት ተሳፋሪ አንድ ቁልፍ ተጭኖ አውሮፕላኑ ብቻውን ያርፋል። ድንቅ ነገር ነው፤ ግን መጀመሪያ የተገጠመው ሚሊዮን ዶላሮች በሚያወጡ አውሮፕላኖች ላይ ነው። አደጋው የሚበዛው ደግሞ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በተሠሩት መካከል ነው። በእነዚህ ላይ ለብዙ ዓመታት የሚቀረው ያው ጡሩምባ ይመስለኛል።

ለምን አይተዉትም?

እንግዲህ ቴክኒኩ ሁሉ ተደምሮ የሚያደርሰን አንድ ጥያቄ ላይ ነው። ማረፉ እየተበላሸ መሆኑን ያየ ሰው ለምን ይቀጥላል? ጥያቄው የጀማሪ ብቻ አይደለም። ፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት የአየር መንገድ አብራሪዎችን አጥንቶ ነበር። ፍጥነታቸው ወይም ከፍታቸው ከደንቡ ውጭ ሆኖ ከሚመጡት ውስጥ ማረፉን የሚተዉት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። 97ቱ ይቀጥላሉ፣ አብዛኞቹም በሰላም ያርፋሉ። ችግሩም ይኸው በሰላም ማረፋቸው ነው። ትናንት የተሳካለት ነገ ለምን ይተዋል?

አየር መንገዶች ለዚህ የተወሰነ ከፍታ ላይ መስመር አሥምረዋል፤ እዚያ ድረስ ሁሉም ነገር ካልተስተካከለ ክርክር የለም፣ ትተህ ትወጣለህ። አጠገብ ረዳት አብራሪ አለ፣ በረራውን የሚቀዳ መሣሪያም አለ። የግል አብራሪ ይህ ሁሉ የለውም። ለፈቃዱ የሚጠበቅበት ቢያንስ 40 ሰዓት በረራ ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንዴ ከአሠልጣኝ ጋር ይገመገማል። በመሐል የሚያየው የለም። ከጎኑ ያሉት ዘመድ ወዳጆቹ ናቸው፤ እነሱ ፊት ሁለቴ መዞር ያሳፍረዋል። ጥፋት ያደረገ ይመስለዋል።

ማረፉን ለመተው ግን ፈቃድ አይጠየቅም። አሠልጣኞች ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያስይዛሉ፦ መጀመሪያ ሙሉ ኃይል። ከዚያ አፍንጫውን መያዝ፣ በቀኝ እግር ፔዳሉን መርገጥ። ፍጥነት ሲያድግ ፍላፕ አንድ ደረጃ። እንደገና ፍጥነት፣ እንደገና አንድ ደረጃ። ቀጥ ብሎ መውጣት፣ ለመታጠፍ አለመቸኮል። ሬዲዮው እስከዚያ ይጩህ፤ መልስ የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው። መልሱም «ጎ አራውንድ» ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ተራ ይሰጥና ያዞረዋል።